የርክክቡ አልጋ

ሄሎ? … ሄሎ፣ ማን ልበል? … ውይ ጋሼ! እርስዎ ነዎት እንዴ? ቁጥሩን ሳላየው ነው ያነሳሁት፣ እጄ ጄል በጄል ሆኖ። … አዎ፣ ሆስፒታል ነኝ፤ ልብ አልትራሳውንድ ክፍል። የመጨረሻዋን ታካሚ እየጨረስኩ ነው። … ኧረ አልረበሹኝም። ትንሽ ብቻ ይታገሱኝ።

— እማማ፣ ጨርሰናል። ቀስ ብለው ይነሱ … በዚህ ፎጣ ደረትዎን ይጥረጉት። አዎ፣ ልብዎ ደህና ነው። ውጤቱን ሲስተር ትሰጥዎታለች። … አሜን። አሜን እማማ።

ይቅርታ ጋሼ፣ እየመረቁኝ ነው። "ወንበርሽን ያጽናልሽ" አሉኝ። የነገውን ሹመቴን ማን እንደነገራቸው እንጃ። ይቺን የምትሽከረከረውን በርጩማ ማለታቸው ይሆናል። … ጩኸቱ? ሊፍቱን እየጠገኑ ነው። ከጠዋት ጀምሮ መዶሻ ነው። በሽተኛው ሁሉ አራት ፎቅ በእግሩ እየወጣ … እርስዎም ጋ ይሰማል እኮ። … እ? ጎረቤት ቤት እያደሰ ነው? አይዞዎት፣ እኩል ነን።

እና፣ ለነገ ተዘጋጁ? … ምን? … ጋሼ፣ በደንብ አልሰማሁም መሰለኝ። … የነገውን ጉባኤ ነው አልመጣም የሚሉት?

… እንግዳ መጣብዎት። ማን ነው እንግዳው? … የባለቤትዎ ወንድም። እሱን እኮ አምናም ይዘውት መጥተው ነበር። ኋላ ወንበር ላይ እንቅልፉን ለጥጦ፣ ሲጨበጨብ ነቅቶ አብሮን ያጨበጨበው አይደል? አሁንም ይዘውት ይምጡ። … መኪናዎም ተበላሽቷል። እንግዳ እና የተበላሸ መኪና፣ ባንድ ቀን። … አልተቆጣሁም። እኔ መቼ ተቆጥቼ አውቃለሁ?

… አይ፣ የስንብት ንግግርዎንማ ማንም ያነበዋል። ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፣ ሌላ ሰው ከሚነግርዎት። ነገ ከቀሩ "ልጆቹ ገፍተው አስወጡት" ነው የሚባለው። … ከአሁኑ እየተባለ ነው። የድሮዎቹ ናቸው፣ ከእርስዎ ጋር የጀመሩት። እኔ አልፈርድባቸውም። ያኔ ሰባት ሆናችሁ በአንድ ማሽን፣ አንዱ የሰው ልብ ሲያይ ስድስታችሁ ትከሻው ላይ ተደራርባችሁ … አዎ፣ ያቺ አጭሯ ባልደረባችሁ ወንበር ላይ ቆማ። አሁን የልብ አልትራሳውንድ ማኅበር ሲባል ከሦስት መቶ ሰው በላይ ነው። ግማሹን እኔ ራሴ አላውቀውም። ባለፈው ቅርንጫፍ ስንከፍት አንዱን ወጣት ሐኪም አስተናጋጅ መስሎኝ "ውሃ ታመጣልኛለህ?" አልኩት። … አመጣልኛ! ምን ያድርግ፣ ፕሬዚዳንት የምትሆነዋ ጠይቃው። እስካሁን ሳገኘው ፊቴን አዞራለሁ።

… ይሳቁ። እኔ እኮ ስመረጥ እምቢ ለማለት አፌን እስክከፍት ነው ያጨበጨቡት። የተቀበልኩት እርስዎ ከጎኔ አሉ ብዬ ነው። ርክክቡ ላይ ተሰናባቹ ፕሬዚዳንት ከመጋረጃው ጀርባ ይተኛል፣ ተረካቢው የማሽኑን እጀታ፣ ፕሮቡን፣ ደረቱ ላይ ያሳርፋል፣ ልቡ በትልቁ ስክሪን ለጉባኤው ይታያል። እርስዎም ከማኅበሩ መሥራች የተረከቡት እንደዚያ ነው። ቪዲዮውን ስንት ጊዜ አሳይተውናል፣ እሳቸው እየሳቁ ምስሉ አልያዝ ሲልዎት …

… የልጅ ጨዋታ? መቼ ነው የልጅ ጨዋታ የሆነው? አምና "ይህን ደንብ የሚነካ ወዮለት" ያሉት እርስዎ አይደሉም?

… ጋሼ? … ሄሎ፣ ይሰሙኛል? … እየሄዱ ነው እንዴ የሚያወሩኝ? … አይ፣ ሁለት ቃል ይሉና ያርፋሉ። … ጉንፋን። እሺ። እንግዳ፣ መኪና፣ ጉንፋን። … አላፌዝኩም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ሌሊት ስንት ትራስ ነው የሚደራርቡት?

… "በሽተኛን ስለ ልቡ አትጠይቁት፣ ስለ ትራሱ ጠይቁት፤ ስለ ልቡ ይዋሻል፣ ስለ ትራሱ መዋሸት ትዝ አይለውም" ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። … ስንት? … ሦስት። ዝቅ ብለው ሲተኙ ትንፋሽ ያጥርዎታል። … አንዳንዴም ሶፋ ላይ፣ ቁጭ ብለው። … እና ያን ቀን በነጠላ ጫማ ስብሰባ የመጡት? "ፋሽን ነው" ብለውን ስቀን ያለፍነው? እግርዎ አብጦ ነው።

— ሲስተር፣ ትንሽ ቆይተሽ ግቢ። አይ፣ ምንም አልሆንኩም። ጄሉ ዓይኔ ገብቶ ነው።

አለሁ ጋሼ። … ገባኝ። … ገባኝ አልኩዎት። ሌላ ቦታ ቢሆን ማንም አያውቅም። እኛ ጋ ግን ልብዎ ስክሪኑ ላይ አንዴ ከመታ በቃ፣ ሦስት መቶው ሰው በአንድ እይታ ያነበዋል፤ ማን ይነግረዋል ብሎ ነገር የለም። … በሽተኛ ሆነው መሰናበት አይፈልጉም። … አዎ። አስተማሪ ሆነው። … በሽተኛ ሆኖ መሰናበትንማ ማንም አይፈልግም ጋሼ።

ግን ልብዎን ማን አየው? … ማንም? … ራስዎ? በራስዎ ላይ አልትራሳውንድ ሠሩ? ብቻዎን? … በጎንዎ ተጋድመው፣ በአንድ እጅ ፕሮቡን ይዘው፣ በሌላኛው ማሽኑን እየነካኩ፣ አንገትዎን ወደ ስክሪኑ አዙረው! ኧረ ጋሼ! ተማሪ ይህን አደረግኩ ቢልዎት ከክፍል አያስወጡትም? … እና ምስሉ ጥሩ አልሆነም። እንዴት ይሁን! "ምስሉ ነው የደከመው እንጂ ልቤ አይደለም" ብለው ማሽኑን አጥፍተው ተኙ አይደል? በሦስት ትራስ።

… አልሳቅሁም። … እሺ፣ ትንሽ ስቄያለሁ። እርስዎም ስቀዋል፣ ሰምቻለሁ።

… መዶሻው በጣም ነው የሚሰማው እርስዎ ጋ። የእኛ ሲመታ የእናንተም ይመታል …

— ሲስተር! አንዴ ደረጃው ጋ ወጥተሽ ለሊፍት ሠራተኞቹ "ለአንድ ደቂቃ አቁሙልን" በያቸው እስቲ። እባክሽ። በኋላ እነግርሻለሁ።

ምንም አይደል ጋሼ፣ የሥራ ጉዳይ ነው። … እየሰማሁዎት ነው። … አዎ …

ጋሼ። የጎረቤትዎም ሰው መዶሻውን አስቀመጠ እንዴ?

… የት ነው ያሉት? … ጋሼ፣ ስንተኛ ፎቅ ነው ያሉት? … ሁለተኛው ፎቅ፣ የደረጃው ማረፊያ ላይ። ተቀምጠው። እዚያ ተቀምጠው ነው "ቤት ነኝ፣ እንግዳ አለብኝ" የሚሉኝ! … ፊት ለፊት ሊነግሩኝ መጥተው … እግርዎ እምቢ አለ። መውጣትም፣ መውረድም። … አያፍሩ። እኚያ አሁን የወጡት እማማም ሁለቴ አርፈው ነው የደረሱት።

ደረትዎን ይወጋዎታል? … ያልብዎታል? … አሁን ትንፋሽዎ ተሻለ? … ጥሩ። ግድግዳውን ይደገፉ። አይውጡ፣ አይውረዱም። እኔ እመጣለሁ። ማረፊያው ፊት ለፊት ባዶ ክፍል አለ፣ አልጋ አለው፣ በሩ ይቆለፋል። ለአዲሶቹ ቅርንጫፎች የመጣውን ትንሹን ማሽን ይዤ እወርዳለሁ። … አዎ፣ ያንኑ "መጫወቻ" ያሉትን። ዛሬ እንጫወትበታለን።

… ነገ? ነገማ እኔ እተኛለሁ። … እኔ። እርስዎ ፕሮቡን ይይዛሉ፣ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ እተኛለሁ። … ማን ከለከለኝ? የሚነካው ወዮለት ያሉት እርስዎ፣ የምነካው እኔ። ወዮልኝ። … ዛሬ የማየው ከፈቀደልኝ ነው ግን። ካልፈቀደልኝ አንድ እርምጃ አይሄዱም፤ አስተኝቼዎት ጉባኤውን በሌላ ቀን እጠራለሁ። ምክንያቱንም ሳልናገር። ዝም ማለት እንደሆነ እችልበታለሁ።

… አዎ፣ እደነግጣለሁ። ስሜ ሲጠራ የምደነግጥ ሰው ነኝ፣ ያውቁኛል። ልቤ እንዴት እንደሚሮጥ ሦስት መቶ ሰው ያየዋል፣ እየቆጠረ። … ይዩት። … አይ ጋሼ፣ እንደሱ አይበሉ። እርስዎ ስንቱን አስተኝተው "አይዞህ፣ ትንፋሽህን አስወጣ" ብለዋል። ዛሬ የእርስዎ ተራ ነው፣ ነገ የእኔ። በቃ።

— ሲስተር፣ መጣሽ? … አመሰግናለሁ፣ ይቀጥሉ በያቸው። ጄሉን አቀብይኝ፣ ያንን ፎጣም። ሰው ቢጠይቀኝ ታካሚ ላይ ናት በይ። … አዎ፣ አንድ ቀርቶኝ ነበር፣ ረስቼው።

ከክፍሉ ወጥቼ እየወረድኩ ነው። … አሁን ሦስተኛው ላይ ነኝ። … አይነሱ! ኮትዎ ግድግዳውን ሲታከከው ሰማሁ። … ለምን ይነሳሉ? "ሴት ስትመጣ ቁጭ አልልም"? ሴት አይደለሁም፣ ፕሬዚዳንት ነኝ። ለፕሬዚዳንት ደግሞ ቁጭ ይባላል። … እንደሱ ነው። ቁጭ።

… ጋሼ፣ ድምፅዎ ከስልኩ ቀድሞ በደረጃው እየመጣ ነው። … አዎ። ነጠላ ጫማውንም አየሁት።

ስልኩን ይዝጉት በቃ፣ እጅዎን ይስጡኝ።