ሁለት ተኩስ ለአንድ ጉድጓድ

(በዓደን አጠገብ፣ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ባለችው በትንሿ የዋዲ ሰምራ ሱልጣኔት፤ ረፋድ ላይ፣ ሱልጣን ሙቅቢል በታላቅ እህቱ በሰዕዲያ ቤት።)

ሙቅቢል፦ ማኅተሙን አምጪ አልኩሽ! የእንግሊዙ ሹም ወረቀቱን ዘርግቶ ፀሐይ ላይ እየጠበቀኝ ነው።

ሰዕዲያ፦ ይጠብቃ! ሥራው መጠበቅ አይደል?

ሙቅቢል፦ ቀልዱን ተይው። የአገር ማኅተም በሴት ሳጥን ተቆልፎ ይኖራል?

ሰዕዲያ፦ የአባታችን ሥርዓት ነው። ሱልጣን ሲናደድም ሲወደስም እንዳያትም፣ ማኅተሙ ከታላቅ እህት እጅ አይውጣ ብሏል። አንተን የትኛው ያዘህ?

ሙቅቢል፦ አንዱም! መርከቦቻቸው ውሃ እንዲቀዱ ጉድጓዱን ልሰጣቸው ነው፣ በቃ።

ሰዕዲያ፦ አጃኢብ! ከእናቴ የወረስኩትን ጉድጓድ?

ሙቅቢል፦ የማንም ይሁን የማን፣ ሱልጣኑ ካተመ አለቀ ብሎኛል ሹሙ።

ሰዕዲያ፦ አንተስ ምን ልታገኝ ነው?

ሙቅቢል፦ መድፍ።

ሰዕዲያ፦ ጎሽ! ጠላት እንመልስበታለን።

ሙቅቢል፦ መድፉን ሳይሆን... ተኩሱን። ዓደን ስገባ ለክብሬ ዘጠኝ ጊዜ ነበር የሚተኩሱልኝ። ከዛሬ ጀምሮ ዐሥራ አንድ!

ሰዕዲያ፦ ጥይትስ አለው?

ሙቅቢል፦ ለክብር ነው እኮ፤ ባዶ ነው።

ሰዕዲያ፦ ያ አላህ! በሁለት ጭስ ውሃችንን ልትለውጥ!

ሙቅቢል፦ ሳቂ! ለጎረቤታችን ሱልጣን ዐሥራ አንድ ይተኮሳል። ለእኔ ሲሆን ዘጠነኛው ላይ ጸጥ! አንገቴን ደፍቼ ነው የማልፈው። አፍራለሁ፣ ወላሂ።

ሰዕዲያ፦ አውቃለሁ፣ ወንድሜ፤ ታሳዝነኛለህ። ግን በዚህ ሐሩር ሌላ ውሃ አለን? ሰዉም ግመሉም ምን ይጠጣ? ተኩስ?

ሙቅቢል፦ ለእናንተም ይተርፋል ብሏል። ሳቂታ ሰው ነው፣ ክፋት የለበትም።

ሰዕዲያ፦ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ! አባታችንንም «ከጠላት እንጠብቃችሁ» ብለው እየሳቁ ነው ያስፈረሙት። ጠላቱ እስከ ዛሬ አልመጣም፤ ወደቡ ግን ሄደ።

ሙቅቢል፦ ቃሌን ሰጥቻለሁ! መድፉን አጉርሰው ቆመዋል። ስጪኝ፣ ወይ ሳጥኑን እሰብረዋለሁ!

ሰዕዲያ፦ ሳጥኑ ምን አደረገህ? እንካ፣ እስኪበቃህ አትም።

ሙቅቢል፦ እንዲህ በቀላሉ?

ሰዕዲያ፦ ወሬህን ሰምቼ ትናንት ጉድጓዱን ቃዲው ፊት ለመስጊዱ ወቅፍ አድርጌዋለሁ። ለአላህ የተሰጠ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ሂድና ለሹምህ ንገረው፤ ከእንግዲህ የሚያስፈርመው አላህን ነው።