ኸዛን አለኝ በጣሪያ

እትዬ አስናቀች፣ እንዴት ዋልሽ? ሔርሜላዬ አላስቸገረችሽም? ...ጎሽ የኔ ልጅ። እኔማ ከማዳም ሰፈር፣ ከዴር ግባር፣ ሁለት ሰርቪስ ታክሲ ቀይሬ መድረሴ ነው። ማዳም የቤቱን መጋረጃ በሙሉ አስወርዳኝ ዋለች። ደግነቱ ነገ ጁምዓ ነው፣ ሥራ የለም፤ ሔርሜላዬም ሰማንያ ቀኗ ስለሆነ ክርስትና ትነሳልኛለች።

ጀሪካኑ? ...እሱማ፣ ትንሽ ውሃ ብትሰጪን ብለን ነው። ሃያ ሰው ጠርተን፣ ጣሪያ ላይ ያለው የውሃ ኸዛን ጠብታ የለውም።

አንድ የማውቀው ሰው አለ፤ ምን ዓይነት ጨዋ መሰለሽ! አይጠጣ፣ አያጨስ፣ ካልነገሩት ከሶፋው አይነሳ። ያዘዝሽውን እንቢ አይልም። ማስታወስና ማዘዝ ብቻ ነው ያንቺ ፋንታ... ዳይፐር ማለቁን፣ ጋዝ ሻጩ መጠራቱን፣ ቄሱ ጋ መደወሉን። ሥጋውን ጎርሶ እንኳ "ዛሬ ረቡዕ ነው እንዴ?" ብሎ የሚጠይቀው ሚስቱን ነው። እንዲህ ያለ ትሑት ከየት ይገኛል?

ዛሬ የሰፈራችን የውሃ ቀን አልነበር? በሳምንት አንዴ! ሚስቱ ከሥራ ቦታ ደወለችለት። "ውሃ መጣ?" "መጥቷል።" ሐቀኛ! በቧንቧው ሲንፎለፎል ጋደም ብሎ ሲሰማው ነበራ። ታዲያ ወደ ጣሪያ የሚገፋውን ሞተር ለምን አላበራኸውም ሲባል... "አብራ አላልሽኝም።" እውነቱን እኮ ነው! የጠየቀችው መምጣቱን ብቻ ነው። ጥፋቱ የሷ ነው፤ አይመስልሽም?

"ላም አለኝ በሰማይ" ይሉ ነበር... የዘንድሮው ሰው ኸዛን አለኝ በጣሪያ ብሏል። "ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል" ሲሉም፣ ጀሪካኑን ማን እንደሚሸከም አልነገሩንም።

እንዴ፣ ምን ወደ በሩ ታያለሽ? ይኼ ጀሪካን ይዞ የቆመው? ኧረ በስመ አብ! እሱን አይደለም። እሱማ ይኸው... "ያዝ" ስለው ያዘ።

ደክሞኛል እትዬ፣ ምን ልደብቅሽ። ማዳም ቤት እጄ ይደክማል፤ ቤቴ ስገባ ጭንቅላቴ። ለሁለት ሰው ማሰብ መቼም ቀላል አይደለም።

ብቻ እግዚአብሔር ለዚያ ሰው ረጅም ዕድሜ ይስጠው። ጤናውን አይንሳው። ሚስቱንም አያስቀድምበት... ቀብሯ በስንት ሰዓት እንደሆነ ማን ይነግረዋል?