ማን ሞተ የሚያሰኘው ሞተር

(ሐዋሳ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፤ የእድር ዳኛዋ እማማ ጠጂቱ በረንዳቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ፤ በሞተር እየዞረ ሞት የሚናገረው የእድሩ ለፋፊ ላቀው ግቢያቸው ውስጥ ከቆመው ክሩዘር ሞተር ብስክሌቱ አጠገብ ሆኖ ያንኑ ልመና ለሦስተኛ ጊዜ ይለምናል።)

ላቀው፦ ሌላ ነገር አልጠየቅኩም፣ እማማ። ከለፋፊነት ያውርዱኝ ነው ያልኩት።

እማማ ጠጂቱ፦ ሰምቻለሁ። ያንተ ሞተር ዘጠኝ ዓመት ጮሆበትም ጆሮዬ ደህና ነው። አላወርድህም።

ላቀው፦ ምክንያቴን እንኳ ሳልናገር?

እማማ ጠጂቱ፦ ምክንያትህን ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። ቅዳሜ ዕለት የስንዱ በር ላይ ሄደህ ቆምክ። እሷ የሞተሩን ድምፅ ስትሰማ መቀነቷን እያጠበቀች፣ ማን ነው የሞተው እያለች ወጣች። ጎረቤቱም ተከትሏት ወጣ። አንተ ሆዬ ሽቶ ተቀብተህ፣ ፓፓያ በፌስታል ይዘህ ቆመሃል።

ላቀው፦ ማንጎ ነው።

እማማ ጠጂቱ፦ ማንጎ ይሁንልህ። ለቀስተኛ ሰብስቦ ማንጎ ይዞ የሚጠብቅ ሰው በዚህ ዕድሜዬ አላየሁም።

ላቀው፦ ይሳቁብኝ። ሦስተኛ ጊዜዬ ነው እኮ። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ወንድሟ የሞተ መስሏት ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። በሁለተኛው እኔን በር ላይ ገትራ ለእህቷ ደወለች፤ እህቷ ስልኩን እስክታነሳ ድረስ እንደ ሰውም አላየችኝ። ቅዳሜ ግን ሰዉ እየሳቀ ከተበተነ በኋላ በሩን ያዝ አድርጋ ቁርጡን ነገረችኝ።

እማማ ጠጂቱ፦ ምን አለችህ?

ላቀው፦ አንተን አልጠላሁም አለችኝ። ግን ባሌ የሞተ ዕለት በዚህ መንገድ ያለፈው ይኸው ድምፅ ነው፤ ባል መጣ ብዬ በር ልከፍት ስል ሞት መጣ እያልኩ መኖር አልችልም፤ መላ ካለህ እስከ እሁድ ድረስ አምጣ፣ ከሌለህ ሁለተኛ እንዳትመጣ አለችኝ። እሁድ ከነገ ወዲያ ነው።

እማማ ጠጂቱ፦ መላውማ ፊትህ ቆሟል። ሽጠው።

ላቀው፦ ሞተሩን?

እማማ ጠጂቱ፦ እኔንማ ማን ይገዛኛል።

ላቀው፦ እሱን እንዴት አድርጌ እሸጣለሁ፣ እማማ። ስመርጠው ያየሁትን አበሳ አያውቁም። ስድስት ወር ነው የዞርኩት። አንዱ ሻጭ ለዳገት ነው፣ ለጭቃ ነው ብሎ ረጅሙን አሳየኝ፤ ወጥቼበት እግሬ መሬት አልደርስ ብሎ ሰው አወረደኝ። አንዷ ደግሞ ቀላል፣ ነዳጅ የማትፈጅ ነበረች፤ ስቀመጥባት የጎረቤት ልጅ ብስክሌት ቀምቼ የመጣሁ መሰልኩ። ይሄን ግን ገና ስቀመጥበት ወንበሩ ዝቅ አለልኝ፣ እግሬ ወደ ፊት ተዘረጋ፣ እጀታው ራሱ ወደ እኔ መጣ። ሻጩም ጋሼ፣ ይሄ ለእርስዎ ተብሎ የተሠራ ነው አለኝ።

እማማ ጠጂቱ፦ እኔም አንካሳ በግ ስገዛ ሻጩ ለእርስዎ ተብሎ የተወለደ ነው ብሎኛል። ደግሞ አቀማመጥህ። ሰው ቢቀመጥ ተቀመጠ ነው፣ ቢተኛ ተኛ ነው። አንተ እዚያ ላይ ስትሆን የቱ እንደሆነ አይለይም። መጀመሪያ ያየሁህ ቀን ፂሙን ሊላጭ የተንጋለለ ሰው ወንበሩ ይዞት የጠፋ መሰለኝ።

ላቀው፦ ለወገብ ጥሩ ነው።

እማማ ጠጂቱ፦ ሟቿን ሚስትህን፣ ነፍሷን ይማርና፣ በሁለት ሳምንት ወሬ አገባሃት። ብረቱን ስድስት ወር አጠናኸው። ስድስት ወር ስታጠናው ቤትህ የሚገባበት ቅያስ ጠባብ መሆኑን ሳታይ ገዛህ። አይዞርልኝም፣ ለአንድ ሳምንት እዚህ ላቁመው አልከኝ። ዘጠኝ ዓመት ሆነው። አንተ መረጥከው፣ እኔ አብሬው ኖርኩ።

ላቀው፦ ውለታዎን መቼ ረሳሁት።

እማማ ጠጂቱ፦ ክረምት ሸራ የማለብሰው እኔ። ወንበሩ ሥር እንቁላል የምትጥለዋን ዶሮ የማባርረው እኔ። አንድ ቀን ጭቃ ላይ ጋደም ብሎብህ አላነሳ ሲልህ አራት ጎረምሳ የጠራሁልህ እኔ። ፍጥነት መቀነሻው ላይ ሆዱ ሲፋቅ እዚህ ድረስ ይሰማኛል፤ ላቀው መጣ እላለሁ። የጭስ ቧንቧው ያቃጠለውን ሱሪህን የጣፈችልህ ልብስ ሰፊ ቀኝ እግርህን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። እንግዲህ ለአንተ ምቾት ነው፣ ለወገብህ ነው።

ላቀው፦ ችግሩን ሁሉ ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት የሰዉን ፊት ነው። በፊት ሞተሬን ሲያዩ ልጆች ይሮጡልኝ ነበር። አሁን መንገድ ላይ ብቅ ስል ሴቱ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። ጋሽ ኩማ ሦስት ዓመት አልጋ ላይ ናቸው፤ ድምፁን በሰሙ ቁጥር እኔ ነኝ እንዴ ብለው ልጃቸውን ይጠይቃሉ አሉ። ቤት የሚያከራየው ደላላ በእኔ መንገድ በኩል ያለውን ቤት የሚያሳየው እኔ ገበያ ስሄድ ጠብቆ ነው። በዚህ ከተማ እኔን ሲያይ የሚስቅልኝ የሬሳ ሳጥን ሻጩ ብቻ ነው።

እማማ ጠጂቱ፦ ማርሚታውን ማን አስከፈተው?

ላቀው፦ የቱን ማርሚታ?

እማማ ጠጂቱ፦ የሞተርህን ነዋ፣ ጩኸቱን የሚያፍነውን። የመጣ ሰሞን ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ ቡድ ቡድ ነው የሚለው። አንተ ነህ መካኒክ ጋ ወስደህ ያስከፈትከው። ሲመለስ በሬን አርገፈገፈው። ምን ሆነህ ነው ብልህ ክሩዘር ድምፅ ከሌለው ምኑን ክሩዘር ሆነ አልከኝ።

ላቀው፦ ያኔ እድር የት አውቅና። ሰው ዞር ብሎ እንዲያየኝ ነበር።

እማማ ጠጂቱ፦ ዞር ብሎ አየህ። እንግዲህ አስደፍነው።

ላቀው፦ ማስደፈን ይቻላል። ግን...

እማማ ጠጂቱ፦ ግን ምን? ተናገር እንጂ። ስንዱንም ትፈልጋለህ፣ ጩኸቱንም ትፈልጋለህ። እኔን እዚህ ድረስ መጥተህ አውርዱኝ የምትለው ሁለቱም ሳይቀሩብህ ጥፋቱ በእድሩ እንዲሳበብ ነው።

ላቀው፦ እድሩስ ቢሆን ምነው ጥፋት የለበትም? ጋሽ ወልዴ ጡሩምባ ነፊው ሲሞቱ የነፊውን ሞት የሚነፋ ጠፋ። ለዛሬ ብቻ ብላችሁ ላካችሁኝ። በማግስቱ ከማዶ ያለው እድር ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቀለ ተባለ፤ ኮሚቴው ተበለጥን ብሎ እንቅልፍ አጣና እኔን ለፋፊ አደረገኝ። እኔ አልተወዳደርኩም።

እማማ ጠጂቱ፦ አንተን ማን መረጠህ። ቃለ ጉባኤው ላይ ያለው ሞተሩ ነው።

ላቀው፦ ሞተሩ?

እማማ ጠጂቱ፦ ጸሐፊው ድምፁን ከፍ አድርጎ አንብቦልኛል። የአቶ ላቀው ትልቁ ሞተር ከዛሬ ጀምሮ እድሩን እንዲያገለግል፣ አቶ ላቀውም እንዲነዳው ይላል። እኔ ማንበብ አልችልም፣ የተነበበልኝን ግን አልረሳም። አንተ ማንበብ ትችላለህ፣ የፈረምክበትን አታውቅም። ስለዚህ መውረድ ከፈለግክ አንተ ውረድ። እሱ አይወርድም።

ላቀው፦ ይሄ ፍርድ ነው፣ እማማ? ሰው ሚስት ሊያገባ በብረት ይታሰራል?

እማማ ጠጂቱ፦ ቁጭ በል። ቁጭ በል እንጂ፣ እላዬ ላይ አትቁም። ተዋቡን ታስታውሳታለህ? እንጨት ትሸጥ የነበረችውን።

ላቀው፦ በስም ነው የማውቃት።

እማማ ጠጂቱ፦ አንተ ከመጀመርህ በፊት ነው የሞተችው። ወልዴ ጥርሱ ረግፎ ጡሩምባው አልነፋለት ይል ነበር፤ አየሩን ብቻ እፍ ይላል። ማንም ሳይሰማ ዋለ። መዋጮዋን አንድም ወር ያላጓደለች ሴት በስድስት ሰው ተቀበረች። ሬሳዋን ለመሸከም ሰው አንሶን ከመንገድ አላፊ ለመንን። አፈሩን እኔ ራሴ በእጄ መለስኩ። አንተ ከመጣህ ወዲህ ግን በዚህ ሰፈር ብቻውን የተቀበረ የለም። የኔ ቢጤውም፣ ባለ ፎቁም እኩል ሰው ይወጣለታል። እና ይሄን ድምፅ ድፈኑት ብዬ ልፍረድ? ነገ እኔስ ስሞት በስንት ሰው ልቀበር ነው?

ላቀው፦ ይሄን አልነገሩኝም ነበር።

እማማ ጠጂቱ፦ ስትነዳው ደስ እያለህ ነበር፤ ምን ብዬ ልነግርህ።

ላቀው፦ እንግዲያው ይሄው ቁልፉ።

እማማ ጠጂቱ፦ ምን ላድርገው?

ላቀው፦ ለእድሩ ነው። ድምፁም ይቅርላችሁ፣ ሞተሩም ይቅርላችሁ። ሌላ የሚነዳ ፈልጉ። እኔ ስንዱ ጋ በእግሬ እሄዳለሁ።

እማማ ጠጂቱ፦ በእግርህ። አንተ ዳቦ ቤት የምትሄደው በሞተር ነው።

ላቀው፦ እማር የለም? ብቻ ለሚነዳው ሰው ይንገሩልኝ። ጠዋት ሲቀሰቅሰው ወዲያው እንዳይነዳው፣ ትንሽ እስኪሞቅ ይታገሠው። ሰንሰለቱን በየሳምንቱ ዘይት ይቀባው፣ አለዚያ ይላላል። ተዳፋት ላይ እንዳያቆመው፤ ከወደቀም ብቻውን ላንሳ እንዳይል፣ ወገቡን ያጣዋል። ኩርባ ላይ ቀድሞ ያብርድ፤ ከባድ ነው፣ እንደ ሌላው ቶሎ አይታጠፍም። ፀሐይ ላይ ከዋለ ወንበሩ ይሰነጠቃል። ደግሞ... ደግሞ ሲያጥበው ውኃ በኃይል አይርጭበት።

እማማ ጠጂቱ፦ ጨረስክ?

ላቀው፦ ጨረስኩ።

እማማ ጠጂቱ፦ ድምፅህ ምን ሆነ?

ላቀው፦ ጉንፋን ነው።

እማማ ጠጂቱ፦ በዚህ ፀሐይ። በል ጉንፋንህን ዋጥና ስማኝ፤ ይሄን እንዳልናገር አስምላኝ ነበር፣ ኃጢአቱን እኔ እሸከማለሁ። አምና ታይፎይድ ይዞህ ሆስፒታል የተኛህ ጊዜ፣ ባትሪው እንዳይሞት በየሦስት ቀኑ ያስነሱልኝ ብለህ አልነበር? አስነሳሁት። ገና ሳላጠፋው ግቢዬ በሰው ሞላ። ላቀው ሞተ ተብሎ ነው። የድንኳኑ ኃላፊ ካስማውን ተሸክሞ መጥቷል።

ላቀው፦ ይሄንንም አልነገሩኝም።

እማማ ጠጂቱ፦ ለታመመ ሰው ድንኳንህ ሊተከል ነበር ይባላል? ከሰዉ ሁሉ ቀድማ የገባችው ስንዱ ናት። ጫማ አላደረገችም። የምታለቅሰው ለቅሶ የጎረቤት ለቅሶ አይደለም፤ እኔ ስንቱን ያስለቀስኩ ሴት ነኝ፣ እለየዋለሁ። ደህና ነው፣ ባትሪ ነው ስላት መጀመሪያ አላመነችኝም። ቀጥሎ ሄዳ ሞተርህን በጥፊ መታችው። ሁለት ጊዜ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ ከንፈሯን ነክሳ ሳቀች።

ላቀው፦ ስንዱ?

እማማ ጠጂቱ፦ ሌላ ስንዱ አለች? እሷ ያ ድምፅ ያረዳትን የባሏን ሞት አይደለም የምትፈራው። እሱን አልቅሳ ጨርሳለች። የምትፈራው አንድ ቀን ድምፁ መጥቶ ነጂው ሌላ ሰው፣ ሟቹ አንተ የሆንክ እንደሆነ ነው። አንተ ደግሞ ብልጥ ነኝ ብለህ ቁልፉን ለሌላ ልትሰጥ መጣህ። እሁድ በእግርህ እየሄድክ ሳለ በማዶ ሌላ ሰው ሞተርህን ነድቶ ቢያልፍ ምን የምትሆን ይመስልሃል?

ላቀው፦ ታዲያ ምን ይሻላል፣ እማማ? ብነዳው አስለቀስኳት፣ ብተወው ገደልኳት።

እማማ ጠጂቱ፦ ያንን ነው ቁጭ ብዬ የማስበው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይሄን ደግመህ ለማንም እንዳታወራ። ይሄን ሁሉ ዓመት ሞት ብቻ አስለፈፍኩህ። ስንት ልጅ ተወለደ፣ ስንት ሰው ተዳረ፤ አንዱንም ዙርና ተናገር ብዬህ አላውቅም። ሰዉ ከየት አባቱ ሌላ ነገር ይጠርጥር።

ላቀው፦ እና አወረዱኝ ማለት ነው?

እማማ ጠጂቱ፦ ጭራሽ። ከዛሬ ጀምሮ ሰርጉንም፣ ክርስትናውንም፣ ከአልጋ የተነሳውንም ሰው ትለፍፋለህ። ሥራህ በእጥፍ ጨምሯል።

ላቀው፦ እማማ፣ እኔ የመጣሁት ሥራ ልቀንስ ነው።

እማማ ጠጂቱ፦ የሰማሁህ አይመስልህም? ይሄን ምስር ጓዳ አስገባልኝ፣ ጋቢዬንም ይዘህልኝ ና። ሽማግሌ የለህምና እኔ እሄድልሃለሁ።

ላቀው፦ ዛሬ? እሁድ ነው እኮ ያለችው።

እማማ ጠጂቱ፦ እስከ እሁድ ነው ያለችህ። ቁልፉን አንሳና አስነሳው። እኔ ከኋላ እወጣለሁ፤ አንተ ቀስ ብለህ ንዳ፣ ደረቱን እየመታ የወጣ ሰው ካየህ አጠገቡ ቁምልኝ፤ ማንም አልሞተም፣ ላቀው ስንዱን ሊያገባ ነው ብዬ ዛሬ እኔ ልለፍፍ።