አብርሃም ተኝቶ ሳለ

እማማ ዘበኛ የሆስፒታሉን አረንጓዴ ጋውን በሻርፓቸው ሸፍነው፣ ጫማቸውን አንጠልጥለው የኋላውን ደረጃ ሲወርዱ አንዲት ወጣት ከታች ስትወጣ ተገጣጠሙ። ቀና ቢሉ የጎረቤታቸው ልጅ ሚጢጢ ናት። ማደንዘዣ መስጠት ተምራ እዚሁ መቀጠሯን ሰምተው ነበር፤ በልባቸው ግን አሁንም ዝናብ ላይ ስትሮጥ የሚቆጧት ልጅ ናት።

«ወዴት ነው እማማ? ተራዎ እኮ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው።»

«አየር ልቀበል ብዬ ነው ልጄ።»

«ጫማዎን በእጅዎ ይዘው?»

ውሸት ስላልለመዱ ሁለተኛውን ጥያቄ አላለፉትም። ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ፤ ሚጢጢም አጠገባቸው ተቀመጠች።

የሐሞት ጠጠር ዓመት ሙሉ እጥፍጥፍ ሲያደርጋቸው ከርሟል። ሐኪሙም አሁኑኑ ካልወጣ ሐሞታቸው መግል ይዞ ለሕይወታቸው እንደሚያሰጋ አልደበቃቸውም፤ ይህ ተራ ካለፈ ደግሞ ሌላው ከአራት ወር በኋላ ነው። እሳቸው ግን የፈሩት ቢላውን አይደለም። «ዘበኛ» ያሏቸው ሰባቱ የልጅ ልጆቻቸው ናቸው፤ ማን ሹራብ ረስቶ እንደወጣ፣ የማን ሳል እንደከረረ አያመልጣቸውምና። ነፍሳቸውንም የሚጠብቁት በዚያው ዓይን ነው። ሞት ሲመጣ ጸሎት በአፋቸው ላይ ካላገኘ፣ የሰማዩ ርስት የሚቀር ይመስላቸዋል።

«ብሞት ነቅቼ ልሙት፤ አንቺ በመርፌ ካስተኛሽኝ ማን ይለምንልኛል? እንደ ግንድ ተጋድሜ ርስቴ ቢያመልጠኝስ?» አሏት።

በአሮጊት ፍርሃት መሳቅ የሚቀናው ወጣት ብዙ ነው፤ ሚጢጢ ግን አልሳቀችም። እግዚአብሔር ከአብርሃም ጋር ኪዳን የገባ ዕለት የሆነውን ያስታውሱ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። እማማ ቅር አላቸው። እሷንና የሰፈሩን ሕፃናት ሰብስቦ አብርሃምን ያስተማረ ማን ሆነና! ጊደሪቱን፣ ፍየሏን፣ በጉን ከሁለት እንደከፈለ፣ ሥጋው ላይ የወረዱትን አሞሮች ሲያባርር እንደዋለ በቃላቸው ወረዱላት።

«ጥሩ ዘበኛ ነበራ። ከዚያስ?» አለች ሚጢጢ።

«ከዚያማ ፀሐይ ስትጠልቅ ከባድ እንቅልፍ…» አሉና ቆም አሉ።

«በተከፈለው ሥጋ መካከል ያለፈው ማን ነው?»

«እግዚአብሔር ነዋ፤ በእሳት ነበልባል።»

«አብርሃምስ?»

«ተኝቷል» አሉ እማማ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

ሚጢጢ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። ያን ጊዜ ውል የሚገቡ ሰዎች ሁለቱም በመካከሉ ያልፉ ነበር፤ እዚህ ግን ያለፈው አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ ተስፋው የተንጠለጠለው በማለው እንጂ በተኛው ላይ አይደለም። እማማ በቀላሉ እጅ አልሰጡም። አብርሃም አብርሃም ነው፣ እኔ ማን ነኝና ብለው ተከራከሩ።

«በክርስቶስ ያመነ ሁሉ የአብርሃም ወራሽ ነው ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም? በደሙ የጸናውን ኪዳን የእኔ መርፌ ይሽረዋል?»

«ልጆቹስ? እኔ ስተኛ ማን ያያቸዋል?»

«ትናንት ሲተኙ ማን አያቸው?»

«አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ ከመርፌሽ ይብሳል» አሉና ጫማቸውን አስይዘዋት፣ ክንዷን ተደግፈው ወደ ላይ ወጡ።

የቀዶ ሕክምናው አልጋ ላይ ተጋደሙ። ጸሎታቸውን ጀመሩ፤ ግማሹን እንኳ ሳያደርሱ መርፌው አስተኛቸው።

ዓይናቸውን ሲገልጡ ሚጢጢ ራስጌያቸው ቆማለች። «ምነው ቆያችሁ? መቼ ነው የምትጀምሩት?» አሏት።

«ጨርሰናል እኮ እማማ።»

እማማ ሳቁ፤ ስፌቱ ሲቆነጥጣቸው ደግሞ ሳቃቸውን ዋጡት። ርስት ማለት ወራሹ ስለነቃ የሚገኝ፣ ስላንቀላፋ የሚወሰድ እንዳልሆነ የገባቸው ያኔ ነው። ሕመሙም ውሎ አድሮ ለቀቃቸው፤ ያሰኛቸውን በልተው ሌሊቱን በሰላም ማደር ቻሉ። መጸለዩን አልተዉም። ነገር ግን ያ የተረኛ ጥበቃ የሚመስለው ጸሎታቸው ምስጋና በዛበት። እግዚአብሔርን የሚያምን ሰው ሕክምናን ሊሸሽ አይገባውም፤ ተስፋውን የሰጠው ያው አምላክ ነው ለሐኪሙም የእጅ ጥበብ የሰጠው።

ገና ሆስፒታል ሳሉ አንድ ማታ፣ በማግስቱ ተራዋ የሆነች የጎን አልጋ ሴት እስኪነጋ ቁጭ ብላ መጸለይ ይኖርባት እንደሆነ እማማን አማከረቻቸው።

«ጸልዪ እንጂ» አሏት ብርድ ልብሷን እያስተካከሉላት፤ «እንቅልፍሽ ሲመጣ ግን ተኚ። ቃል የገባልሽ አይተኛም።»