ዛንዚባር ላይ ብሞትስ?

ከጓደኛዬ ከኢብራሂም ጋር ዛንዚባር ሄደን፣ ከባሕሩ ዳርቻ ካለ ሪዞርት አንድ ሳምንት ልናርፍ ካሰብን ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። እሱ የአሶሳ ተወላጅ፣ በብሔሩ በርታ ነው፤ እኔ ከወሎ በሰፈራ የመጣሁ ነኝ። ማንጎ አብረን ስንሸጥ ነው ያረጀነው። ገበያ ላይ ቀይ ቁምጣ አይቶ "እንግዛ" ይለኛል፤ እኔ ደግሞ "እዚያ ብሞት ማን ይቀብረኛል?" እለዋለሁ። ጠንቃቃ ሰው ነኝና እሑድ ዕድራችን ሲሰበሰብ ተነሥቼ ጠየቅሁ። "ዛንዚባር ላይ ብሞት ሬሳዬን ታመጣላችሁ ወይ?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። የዕድሩ ዳኛ ግን አልሳቁም። "አቶ ይመር፣ የእኛ ድንኳን ከጎረቤታችን ከባምባሲ አያልፍም። ደግሞስ በእርስዎ ዕድሜ የሚያምረው ጸሎት ነው ወይስ አሸዋ ላይ መጋደም? አርፈው ሞትዎን ይጠብቁ!" አሉኝ።

ያ ሁሉ ፍርሃቴ የት እንደገባ አላውቅም። "ሞቴን እናንተ ጠብቁልኝ፤ እኔ ልዋኝ እሄዳለሁ!" አልኩ።

"ዋና የት ተማሩ?" አለ አንዱ ከኋላ።

"አልተማርኩም። እግሬን ነክሬ እቀመጣለሁ። ለእሱም የዕድር ፈቃድ ያስፈልጋል?"

ስንወጣ ግን የሌላ ሰው ከዘራ ይዤ ወጣሁ። ኢብራሂም ክንዴን ደገፍ አድርጎ "ወላሂ ይመር፣ አንተ ፈርተሃል" አለኝ።

"አዎ፣ ፈርቻለሁ" አልኩት። "በል ገበያው ሳይበተን እንሂድ። ቀዩ ቁምጣ የእኔ ነው።"