ሳቫና ላይ መርዶ ነጋሪ የሆንን ቀን

በእኛ ጊዜ፣ ልጆች፣ አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው ይለብስ ነበር። እናንተ ዛሬ በፒጃማና በነጠላ ጫማ ነው የምትበሩት፣ አይቻችኋለሁ፣ ዝም ብዬ ነው። እኛ ግን ሱፍ፣ ከረባት፣ የተወለወለ ጫማ። እና ባለቤቴ ግርማ ጥቁር ሱፉን ለበሰ፣ እኔም ጥቁር ቀሚስ ለበስኩ። ለምን ጥቁር ብትሉኝ መንገድ ነዋ፣ ጥቁር እድፍ ይችላል። በቃ፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ስንኖር አልማዝ የምትባል ጓደኛ ነበረችኝ። ጓደኛ ብቻ አይደለችም፣ እህቴ በሏት። አንድ አፓርትመንት ውስጥ እሷ ከላይ፣ እኔ ከታች፣ ስፈልጋት ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ነበር የምመታው። ታዲያ ባሏ ታደሰ ሳቫና ወደብ ላይ ሥራ አገኘና ይዟት ሄደ። ሳቫና የት ነው ካላችሁ ጆርጂያ ነው፣ ባሕሩ ዳር፣ የድሮ ከተማ። እና ሁለት ዓመት ሙሉ ኮል ባደረገች ቁጥር "መቼ ነው የምትመጡት?" ነው። አንድ ቀን ግርማ ቫኬሽን ወሰደ፣ እኔም "ሳንነግራቸው ሄደን ሰርፕራይዝ እናድርጋቸው" አልኩ። ግርማ "ኧረ ደውይላቸው፣ ሰው ቤት ዝም ተብሎ አይገባም" ብሏል። እውነቱን ልናገር፣ ብሏል።

ታዲያ አትላንታ ወረድን፣ መኪና ተከራየን፣ ልጃችንን ሊዲያን ከኋላ አስተኝተን ነዳን። ታደሰ ሥራ ሳይሄድ እንድረስ ብለን ሊነጋጋ ሲል በራቸው ላይ ቆምን። ከተማው ገና አልነቃም። ትልልቅ ዛፎች አሉ፣ ከቅርንጫፋቸው ግራጫ ጢም የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎባቸው፣ ሊዲያ "ማሚ፣ ኢትስ ስኬሪ" ትለኛለች፣ ፈርታ።

አንኳኳሁ። አልማዝ ከፈተች። እኔ "ሰርፕራይዝ" ልል አፌን ከፍቻለሁ። እሷ ግርማን አየችው፣ ጥቁር ሱፍ። እኔን አየችኝ፣ ጥቁር ቀሚስ። ሰማዩን አየች፣ ገና አልነጋም። እና "እናቴን" ብላ ወለሉ ላይ ዘጭ አለች።

እናንተ እዚህ ያደጋችሁት አታውቁት ይሆናል። የእኛ ሰው ሞት በስልክ አይነገረውም። ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ጥቁር ለብሶ፣ በማለዳ ቤቱ ድረስ ይሄዳል። የአልማዝ እናት እማማ ዘነቡ ደግሞ አዲስ አበባ ታመው ነበር። ታዲያ ከካሊፎርኒያ ድረስ በማለዳ ሰው ሲመጣባት ምን ትበል?

"አልማዝ፣ ማንም አልሞተም" አልኳት።

"አውቃለሁ፣ መጀመሪያ እንደሱ ነው የሚባለው።"

"ኧረ ደህና ናቸው።"

"ትንሽ አሟቸዋል በይና ጨርሺው።"

እውነቷን ነው፣ እኔም ራሴ ለስንት ሰው መርዶ ነግሬያለሁ፣ እንደዚያ ነው የምንለው። በዚህ መሃል ታደሰ ጢሙን እየተላጨ ኖሮ ግማሽ ፊቱ አረፋ ሆኖ ወጣ። እኛን አየ፣ እሷን አየ፣ "እናቴ፣ እናቴ" እያለ ደረቱን ይመታው ጀመር። ግርማ ይዞት "ታደሰ፣ ስማኝ፣ ቫኬሽን ነው የመጣነው" ይለዋል። ለቅሶ ቤት ገብቶ ቫኬሽን የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሊዲያ ማን እንደሞተ ልትጠይቅ ቀሚሴን ትጎትታለች፣ "ማሚ፣ ሁ ዳይድ?"

እና አልማዝ ምን እያለች ታለቅሳለች መሰላችሁ? "ሳትታረቀን ሄደች፣ የታደሰን ስም አንድ ቀን ሳትጠራ ሄደች።" አያችሁ፣ አልማዝና ታደሰ የተጋቡት ካርቱም በስደት ሳሉ ነው፣ ሽማግሌ ሳይላክ። ከየት ይምጣ ሽማግሌ? እማማ ዘነቡ ግን ይሄንን አልተቀበሉም። ስንት ዓመት ሙሉ ከልጃቸው ጋር ያወራሉ፣ ያወራሉ፣ "ታደሰም ሰላም ይልሻል" ስትላቸው ስልኩን ይዘጋሉ። እርቁ ነበር የልጅቷ ጭንቀት። ያንን ስሰማ ሳቄም ጠፋ፣ በራሴ አፈርኩ።

ግርማ "እናናግራቸዋ፣ ደውይ" አለኝ። እማማ ቤት ስልክ የለም፣ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ጽጌ ቤት ነው የሚደወለው። ያኔ ደግሞ መስመር ማግኘት መከራ ነው፣ አንዴ እንቢ፣ ሁለቴ እንቢ፣ በስንት ልፋት ገባ።

"ወይዘሮ ጽጌ፣ ከአሜሪካ ነው፣ እማማ ዘነቡን ይጥሩልኝ።"

ከኋላዬ ለቅሶው ይሰማል። ሴትዮዋ በሹክሹክታ "ማናቸው ነው የሞተው? አልማዝ ናት ወይስ ባሏ?"

"ማንም አልሞተም።"

"ገባኝ የኔ ልጅ፣ ገባኝ። በስልክ አይነገራቸውም፣ ደካማ ናቸው። ነገ በማለዳ ሰው ሰብስቤ እነግራቸዋለሁ።"

"ኧረ ይጥሯቸው ብቻ።"

"የሉም፣ ጸበል ሄደዋል።"

አልማዝ "ምን አሉ?" አለችኝ። "ጸበል ሄደዋል አሉ።" "አየሽ" አለችና እንደገና ቀጠለች ለቅሶዋን።

ያኔ ንድድ አልኩ። "ወይዘሮ ጽጌ፣ ቢዘጉት እደውላለሁ፣ ደግመው ቢዘጉት ደግሜ እደውላለሁ" ስል ከወዲያ ሌላ ድምፅ መጣ፣ ቆጣ ያለ። "ማነው ጸበል የሄደው? እዚሁ ቁጭ ብዬ ምስር እየለቀምኩ የምን ጸበል ነው?"

እማማ ዘነቡ። ስልኩን ቀምተዋል። ለአልማዝ ሰጠኋት፣ "እማዬ" ብላ ሌላ ቃል አልወጣትም፣ መልሳ ሰጠችኝ። ሁሉንም ከሀ እስከ ፐ ነገርኳቸው። ሰሙ፣ ሰሙ፣ እና "ይሄ የሚጮኸው ወንድ ማነው?" አሉኝ።

"ታደሰ ነው።"

"ለማን ነው የሚጮኸው?"

"ለእርስዎ ነዋ፣ እናቴ እናቴ እያለ።"

ከዚያ "አሁንም እያለቀሰ ነው?" አሉ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ታደሰ ያን ጊዜ ገብቶት አረፋውን እየጠረገ ነበር። በእጄ ቀጥል አልኩት። ቀጠለ።

እማማ ትንሽ አዳመጡትና "እናንተ የመጣችሁት ሰዎች፣ ትልቅ ሰዎች ናችሁ?" አሉኝ።

"ባለቤቴ አርባ ሰባት ዓመቱ ነው፣ የተከበረ ሰው ነው።"

"ታዲያ እዚያ ቆማችሁ ምን ትጠብቃላችሁ?"

ወዲያው ገባኝ። "ግርማ፣ ና፣ ሽማግሌ ሆነሃል" አልኩት። ስልኩን ያዘ፣ ጎሮሮውን ጠረገ፣ ግድግዳውን እጅ ነሳ። "የተከበሩ እማማ ዘነቡ፣ ልጅዎን አልማዝን ለልጃችን ለታደሰ እንዲሰጡን በትሕትና ለመጠየቅ መጥተናል።" የአልማዝና የታደሰ ሁለት ልጆች ደረጃው ላይ ተቀምጠው ያያሉ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ አይበቃም፣ ስለዚህ እኔም ከጎኑ ሆኜ "ይስጡን" አልኩ። ሴት ሽማግሌ አይታችሁ ካላወቃችሁ ይኸው እኔ አለሁ።

እማማም "ሰምተናል። እንመካከርበታለን። በሳምንቱ ተመለሱ" ብለው ስልኩን ዘጉት።

የእኛ ቫኬሽን አምስት ቀን ነው እኮ። ምን ይደረጋል፣ ግርማ ሥራ ቦታው ደውሎ "ፋሚሊ ኢመርጀንሲ" አለ፣ የቤተሰብ ችግር ገጠመኝ ማለቱ ነው፣ እና ሳቫናን አደባባይ በአደባባይ ስንዞር ከረምን፣ አልማዝ በየአግዳሚ ወንበሩ እየተቀመጠች "ይሰጡ ይሆን?" ትለኛለች። ሁለት ልጅ ወልዳ።

— ሰጡ ታዲያ፣ እትዬ?

ሰጡ እንጂ። ለዚያውም ታደሰን ራሱን አስጠሩት። ስልኩን ሲይዝ እኔም ጆሮዬን ደቅኛለሁ። "ታደሰ ልጄ" አሉት፣ በስሙ ጠሩት፣ "መርቄሃለሁ። ግን የእውነት የሞትኩ ቀን ከሰሞኑ ለቅሶህ እንዳታሳንስብኝ።" ወይ እማማ፣ እስከ ዛሬ ያስቁኛል።

— ከዚያስ? አሳነሰ?

አላሳነሰም። ቆይቶ ነው የሞቱት፣ ከብዙ ዓመት በኋላ። ያን ቀንም የነገርነው እኛ ነን፣ እና ማንም ቀጥል አላለውም።