የዶክተር ደጀኔ ሰርቨር
(በአንድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ክፍል፤ የእንሰት በሽታ ተመራማሪዋ አስካለ ከክፍሉ ኃላፊ ከዶ/ር ደጀኔ ፊት ቆማለች።)

አስካለ፦ ደብዳቤ አመጣሁ፣ ማኅተም አስመታሁ። ሰርቨሩን ለመጠቀም አሁን ደግሞ ምን ጎደለኝ?

ደጀኔ፦ እውቀት።

አስካለ፦ እሱ የት ቢሮ ነው የሚፈረመው?

ደጀኔ፦ አትቀልጂ! ዘረመል የሚያነበው ማሽን የባክቴሪያሽን ጂኖም፣ ማለት ሙሉ ዘረመሉን፣ በሚሊዮን ቁርጥራጭ ነው የሚሰጥሽ። ያንን መልሶ የሚገጣጥመው ፕሮግራም በጥቁር ስክሪን ላይ በሚጻፍ ትእዛዝ ነው የሚሠራው። አንዲት ነጥብ ከሳትሽ አለቀልሽ።

አስካለ፦ ያስተምሩኝ ብዬ ነበር እኮ።

ደጀኔ፦ ሥልጠናው የዛሬ ዓመት ነው።

አስካለ፦ ጥሩ። እስከዚያ እንዳይጠወልግ እንሰቱን እነግረዋለሁ።

ደጀኔ፦ አንድ ዓመት ምን አላት?

አስካለ፦ ገበሬዋ እትዬ ድንቄ ስድስት ዓመት ያሳደጉትን እንሰት ባለፈው ሳምንት ነቅለው ቀበሩት። «በሽታው ከየት መጣብኝ?» አሉኝ። መልሱን ዶክተር ጥቁር ስክሪን ላይ አስቀምጠውታል ልበላቸው?

ደጀኔ፦ ይሄ ሥራ ለሁሉም ሰው አይደለም፣ አስካለ።

አስካለ፦ ገብቶኛል። ለዚህ ነው ሌላ ቦታ የሠራሁት።

ደጀኔ፦ የት?

አስካለ፦ ኢንተርኔት ላይ፣ በነጻ። ፋይሉን ጫንኩ፣ ከዝርዝሩ መረጥኩ፣ «ጀምር» የሚለውን ነካሁ። ምሳ በልቼ ስመለስ ተገጣጥሞ ጠበቀኝ።

ደጀኔ፦ በመነካካት! ስህተት ነዋ።

አስካለ፦ እኔም ፈርቼ ሦስቴ ደገምኩት። ከእትዬ ድንቄ ማሳ የወሰድኩትና ለገበሬው ችግኝ የሚያድለው ጣቢያ ውስጥ ያገኘሁት አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ነው። የጣቢያው ሰዎች እደላውን ዛሬ ጠዋት አስቆሙት።

ደጀኔ፦ ታዲያ ከኔ ምን ፈለግሽ?

አስካለ፦ ገጹ ወረፋ አለው፤ እኔ ደግሞ አርባ ናሙና ይቀረኛል። የገጹን ፕሮግራም እዚህ ሰርቨር ላይ እንጫነው። ሁሉም ተመራማሪ እየነካካ ይሥራ።

ደጀኔ፦ ማንም እየገባ ጂኖም ሊገጣጥም! እኔስ ምን ልሠራ?

አስካለ፦ የራስዎን ምርምር ነዋ። ያ የሚያጠኑት የንብ ጂኖም ግን ምን ደረሰ?

ደጀኔ፦ በሂደት ላይ ነው።

አስካለ፦ ሦስት ዓመት?

ደጀኔ፦ ትእዛዙን የሚጽፍልኝ ባለሙያ ሥራ ለቀቀ።

አስካለ፦ እርስዎስ?

ደጀኔ፦ በሩን ዝጊውና ነይ። መጀመሪያ የቱን ነበር የምትነኪው?